ከሸንጎው የወጣ ቃል

በየዓመቱ በጥር ሁለተኛ ቅዳሜ የዓመቱን ዕቅድ የምናወጣው መሬት ላይ ነው። ከሚስተር ፌሊክስ ሱቅ የተገዛ ቡናማ የመጠቅለያ ወረቀት የትምህርት ቤቱ አዳራሽ ወለል ላይ እንዘረጋና አራቱን ጠርዝ ከባሕር ዳር በለቀምናቸው ድንጋዮች እናስይዛለን። ከዚያ በወፍራም እርሳስ አሥራ ሁለት ሣጥን ይሠመራል፤ ለእያንዳንዱ ወር አንድ። ወረቀቱ እንዳይቆሽሽ ሁሉም ሰው ጫማውን ደጅ ደረጃው ላይ አውልቆ ነው የሚገባው። እኔም ጭምር።

በካሪቢያን ባሕር ደሴታችን፣ ላ ሬይን በተባለው መንደር፣ የልጃገረዶች ስካውት መሪ ከሆንኩ አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። ልጆቹ ካፕቴን ይሉኛል። ከሰኞ እስከ ዓርብ ግን የፖስታ ቤቱ ሚስ ቨርሊን ነኝ፤ የመንደሩ ደብዳቤና ከውጭ አገር የሚመጣው ካርቶን ሁሉ በእኔ መስኮት ያልፋል። ማን ከማን ደብዳቤ እንደሚደርሰው፣ ለማን መምጣቱ እንደቀረ አውቃለሁ። በዚህ ሁሉ ዓመት ከዚያ መስኮት አንድም ወሬ ወጥቶ አያውቅም፤ በዚህም እኮራ ነበር።

ቡድናችን አራት ምድብ አለው፤ ፔሊካን፣ ሽመላ፣ ርግብና ንስር። አራቱ የምድብ መሪዎችና እኔ ስንቀመጥ የክብር ሸንጎ እንባላለን። እያንዳንዷ መሪ የምድቧ ልጆች ምኞታቸውን በቁራጭ ወረቀት ጽፈው የከተቱባትን ቆርቆሮ ይዛ ትመጣለች። ሊናገር የሚፈልግ ሰው ትልቁን ዛጎል ይይዛል፤ አጥማጆቻችን ጀልባቸው ዓሣ ሞልቶ ሲመለሱ የሚነፉት ዓይነት ነው። ስንጨርስ አምስታችንም እጃችንን ዛጎሉ ላይ ጭነን፣ «እዚህ የተባለው እዚህ ይቀራል» እንላለን። ዕቅዱ ግድግዳ ላይ ይለጠፋል፤ ለምን እንደዚያ እንደታቀደ ግን ለማንም አይነገርም። ቃል ያወጣ ሰው አንድ ሙሉ ዓመት ከሸንጎው ይወጣል።

ይህን ሕግ ያወጣሁት እኔ ነኝ።

ሕጉ የሠራው አንድ ጊዜ ብቻ ነበር። የፔሊካኗ ኬዛያ፣ ያኔ የአሥራ አራት ዓመት ልጅ፣ ሸንጎው ላይ የተነሣውን፣ ካምፕ ላይ ብስኩት የሰረቀችውን ትንሽ ልጅ ስም፣ ለገዛ እናቷ ነገረች። አለቀሰች። እናቷም እስከ ቤቴ መጥታ ለመነችኝ፤ ልጅ ናት፣ አምልጧት ነው አለችኝ። «ለእኔ ስል አይደለም፣ ሕግ ሕግ ነው» አልኳት። ኬዛያ ዓመቱን ሙሉ፣ ሸንጎው በተቀመጠ ቁጥር፣ ደረጃው ላይ ተቀምጣ የእኛን ጫማ ስትጠብቅ ከረመች። አንድም ቀን አልቀረችም። በዚህ ዓመት ምድቧ መልሶ መረጣትና ገና ደጅ ላይ ጫማዋን ስታወልቅ፣ «ካፕቴን፣ ዘንድሮስ የእኔንም ጫማ የሚጠብቅ ሰው ይፈለግ» ብላ ሳቀች። እኔም ሳቅኩ።

የዚያን ቀን ሥራው ቀንቶን ነበር።

«የካቲት ያው የነፃነት ቀን ሰልፍ ነው» አለች ዶኔት፣ የንስር መሪዋ። ዶኔት ቀሚሷን የምትተኩሰው ሠርግ እንደምትሄድ ሰው ነው።

«ያው ደግሞ ከንፈራችን እስኪሰነጠቅ ፀሐይ ላይ ያቆሙናላ» አለች አኒካ ከርግብ።

«ዛጎሉን ሳትይዢ አትናገሪ» አለቻት ዶኔት።

«አቀብይኛ!» አኒካ ዛጎሉን ተቀበለች፤ ጉሮሮዋን ጠረገች፤ ቀና ብላ ተቀመጠች። «ከንፈራችን እስኪሰነጠቅ ፀሐይ ላይ ያቆሙናል» አለች።

ዶኔት እንኳን ሳቀች።

«ከምድብሽ ምን መጣ?» አልኳት አኒካን።

ቆርቆሮዋን ገለበጠች። «ስድስት ወረቀት። አራቱ ዋና ይላል። አንዱ ኬክ ይላል። አንዱ ደግሞ 'አኒካ ትቀየርልን' ይላል።»

«ኧረ! ማን ጻፈው?»

«እጅ ጽሑፉ የእህቴ ነው። እቤት እንነጋገራለን።»

መጋቢት የባሕር ዳር ጽዳት፣ ሚያዝያ በፋሲካ በክር የምናበረው የወረቀት ካይት ሆነ። ግንቦት ላይ ስደርስ ማንንም ሳልጠይቅ በትልልቅ ፊደል «የእናቶች ሻይ» ብዬ ጻፍኩ። ከአሥራ ዘጠኝ ዓመት በፊት የጀመርነው ነው። እናቶች ኮፍያቸውን አድርገው ይመጣሉ፤ ሚስ ኢስሜ ሦስት ኬክ ትጋግራለች፤ ልጆቹ ያስተናግዳሉ። ከዚያ እያንዳንዷ ልጅ ተነሥታ «እናቴ እገሊት ትባላለች» ትልና ደረቷ ላይ አበባ ትሰካላታለች። እናቷ በሕይወት ያለች ልጅ ቀይ አበባ፣ የሞተችባት ነጭ።

የሽመላ መሪዋ ሉዜት እጇን ለዛጎሉ ዘረጋች። ሉዜት በዚህ ጥር ገና መመረጧ ነው፤ አሥራ አራት ሊሞላት ነው፤ ከአክስቷ ከማሊን ጋር ትኖራለች። እናቷ ጄኒን በሌላ ደሴት፣ በቶርቶላ፣ ሆቴል ውስጥ እንደምትሠራ መንደሩ ሁሉ ያውቃል። ዛጎሉን ተቀብላ ጭኗ ላይ አገላበጠችው። ማንም አላቻኮላትም።

«እሱ ባይሆን» አለች በመጨረሻ። «ሻዩ። ዘንድሮ ብቻ ባይሆን።»

«ምነው?» አልኩ።

«እናቴ ቶርቶላ አይደለችም። ባርቤዶስ ናት። እስር ቤት። የሰው ሻንጣ ይዛ ስትሄድ ውስጡ ዕፅ ተገኝቶባት ነው። ሦስት ዓመት ተፈርዶባታል።» ዛጎሉን እያየች ነበር የምትናገረው። «አምና ለአክስቴ ቀይ ሰካሁላት፤ ሁሉም 'እናትሽ ስልክ ደወለች ወይ? ምን ላከችልሽ?' ሲሉኝ ዋሉ። አበባው ወይ ቀይ ነው፣ ወይ ነጭ ነው። ለታሰረ የለም።»

ከሁሉም ቀድማ ኬዛያ እርሳሱን ከእጄ ወሰደችና የጻፍኩትን አንድ ጊዜ በረጅሙ ሠረዘችው።

«መቅዘፍ እንማር» አለች። «አጎቴ ጀልባውን ይሰጠናል። በግንቦት ከዚህ ተነሥተን እስከ ፔቲ ቤይ እንቀዝፋለን።»

«እሷ ዛጎል አልያዘችም» አለች አኒካ፤ ግን ድምፅዋ ውስጥ ወቀሳ አልነበረም፤ ሉዜትን ልታስቃት ነበር። ሉዜትም ፈገግ አለች።

ሰኔን ሞልተን፣ የቀሩትን ወሮች ለቀጣዩ ቅዳሜ አሳደርንና አምስት እጅ ዛጎሉ ላይ ተደራረበ። የእኔ ከላይ ነበር። እዚህ የተባለው እዚህ ይቀራል አልን።

ማክሰኞ ከቀትር በፊት ሚስ ኢስሜ ፖስታ ቤት መጣች። ኢስሜ የወላጆች ኮሚቴ ሊቀመንበርና ጎረቤቴ ናት፤ አምስት ወልዳ አምስቱንም ለወግ ለማዕረግ አብቅታለች። መስኮቱ ላይ ክርኗን አስደግፋ ሰላምታ እንኳ አላስጀመረችኝም።

«ግድግዳው ላይ አየሁት። የእናቶች ሻይ የለም!»

«ዘንድሮ ልጆቹ መቅዘፍ መርጠዋል።»

«መቅዘፍ! የአጥማጅ ልጅ መቅዘፍ ሊማር ካፕቴን ያስፈልገዋል? አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ቅቤና ስኳር እየመታሁ ክንዴ አለቀ፤ አንድ ቃል እንኳ ሳታማክሪኝ?»

«የሸንጎው ውሳኔ ነው፣ ኢስሜ። እኔ ብቻዬን አልወሰንኩም።»

«ልጆች ሻይና ኬክ እንቢ አሉ ብለሽ ነው የምትነግሪኝ? እኔ ሕፃን ነኝ?» ከኋላዋ ሰው አልነበረም፤ ግን ድምፅዋን ዝቅ አደረገች፤ ያ ይበልጥ ጎዳኝ። «ቨርሊን፣ ልንገርሽ። በየዓመቱ እዚያ ጥግ ላይ የሻይ ማንቆርቆሪያ ይዘሽ ስትቆሚ አይሻለሁ። አበባ የሚሰካልሽ የለም። ይገባኛል። ግን የእናቶችን ቀን እናት ያልሆነ ሰው ሲሰርዘው ሰው ምን ይላል?»

እንግዲህ ምን ማድረግ እንደነበረብኝ ለማንም ግልጽ ነው። «ውሳኔው የሸንጎው ነው» ብዬ መስኮቱን መዝጋት። የተናገረችው እውነት እንኳ ቢሆን ያን ማድረግ እችል ነበር። ደግሞም እውነት ነበረው፤ በየዓመቱ አበባው ተሰክቶ እስኪያልቅ ጥግ ላይ የምቆመው ማንቆርቆሪያው ስለሚከብድ አልነበረም።

«የሉዜት እናት ታስራለች» አልኳት። «ባርቤዶስ። ልጅቷ አበባውን ማን ደረት ላይ ትስካ? አንቺ ለኬክሽ ታስቢያለሽ።»

የኢስሜ አፍ ተከፈተ። እጇን ደረቷ ላይ አደረገች። እኔ ደግሞ፣ ይህን አልክድም፣ ያን ፊት ሳይ ደስ አለኝ። ረታኋት። ደስታው ቴምብር መትቶ የማንሣት ያህል እንኳ አልቆየም።

«በአንቺ ይቅር፣ ኢስሜ» አልኳት ወዲያው።

«ምን በወጣኝ!» አለች። «ወይኔ ልጂቱ!»

ካፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ኢስሜ ለእህቷ ብቻ ነው የነገረችው፤ በኋላ እየማለች እንደነገረችኝ። እህቷ የነገረችው ለባሏ ብቻ ነው። ሐሙስ ወሬው የገውዝ ቅመም መልቀሚያው ደረሰ። እዚያ ሴቶቹ በረጅሙ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው ገውዝ ሲለዩ ሥራ የሚይዘው እጃቸውን ብቻ ነው። ማሊን የምትሠራው እዚያ ነው።

ቅዳሜ ጠዋት ማሊን ከሥራ ልብሷ ሳትወጣ አዳራሹ በር ላይ ቆመች። በእጇ የተጣጠፈ የወረቀት ከረጢት ነበር። ውስጡ የሉዜት ሰማያዊ የአንገት ሻርፕ ተተኩሶ ተቀምጧል፤ ላዩ ላይ የመሪነት ባጇ።

«ሚስ ቨርሊን፣ ይህን ልመልስ ብዬ ነው» አለች። «ልጅቷ ከእንግዲህ አትመጣም። ትምህርት ቤት እንኳ በግድ ነው የምትሄደው።»

«ማሊን፣ እኔ...»

«እርስዎን አልወቅስም። እርስዎ ብዙ ልጅ ነው ያለብዎት። አንዷ ምላሷን ልትይዝ ካልቻለች እርስዎ ምን ያድርጉ?» አየችኝ። ዓይኗ ቀልቷል። «ጄኒን ስትሄድ 'ልጄ አንገቷን እንዳትደፋ' ብላ ነው አደራ ያለችኝ። ሁለት ዓመት ጠበቅኩት። ሁለት ዓመት።»

ከረጢቱን ተቀበልኳት።

ከዚያ ሸንጎው ተቀመጠ። የቀሩትን ወሮች ልንጨርስ ነበር፤ ሐምሌ ካምፕ፣ ነሐሴ ካርኒቫል፣ እስከ ታኅሣሥ። ወረቀቱ ተዘርግቷል፤ ድንጋዮቹ ተቀምጠዋል። በሉዜት ቦታ ላይ ማንም አልተቀመጠም። እርሳሱን አነሣሁና «ሐምሌ» አልኩ። አኒካ ቆርቆሮዋን አልከፈተችም። ልጆቹ ሐሳብ አጥተው ሳይሆን ሐሳባቸውን ለማውጣት ፈርተው ነበር።

ዶኔት ዛጎሉን አነሣች። «አንድ ሰው ተናግሯል» አለች። «አምስት ሰው ነበርን። ሉዜት ራሷን አታወጣም። ካፕቴን አይሆኑም። እኔ አይደለሁም። አኒካም ምላለች።»

«በእናቴ» አለች አኒካ።

ሦስት ጥንድ ዓይን፣ የእኔን ጨምሮ፣ ኬዛያ ላይ አረፈ።

«እኔ አይደለሁም» አለች ኬዛያ።

«ያኔም መጀመሪያ እንደዚያ ነበር ያልሽው» አለች ዶኔት።

«ያኔ ዋሽቻለሁ። አሁን አልዋሸሁም።» ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። «ካፕቴን፣ እኔ አይደለሁም። ይመኑኝ።»

የቢሮ ሰው ጊዜ ለመግዛት የሚላቸው ቃላት አሉ፤ ሃያ ስምንት ዓመት መስኮት ኋላ ተቀምጬ ተምሬያቸዋለሁ። «ነገሩን እናጣራለን» አልኩ።

ኬዛያ ትንሽ አየችኝ። ከዚያ ኪሷ ላይ የነበረውን ባጅ ፈታች፤ ግንቦት ሣጥን ውስጥ፣ ራሷ በሠረዘችው መስመር ላይ አስቀመጠችው፤ ወጣች። በመስኮቱ በኩል አየኋት። የድሮ ቦታዋ ላይ፣ ደረጃው ላይ፣ ጫማዎቻችን አጠገብ ተቀመጠች። ዘወር ስትል ዓይን ለዓይን ተጋጨን። እኔ ነኝ ቀድሜ ዓይኔን የሰበርኩት።

ዶኔት እንባዋ ግጥም ብሎ፣ «ሐምሌ» አለች። ሐምሌን ጻፍን። ምን እንደጻፍን አላስታውስም።

ያን ሳምንት ምን ስጠብቅ እንደሰነበትኩ ለመናገር ያሳፍረኛል። ኢስሜ እንድትናገር ነበር የምጠብቀው። ከእሷ አፍ ቢወጣ፣ ነገሩ በራሱ ጊዜ ተገልጦ ኬዛያ ነፃ ብትወጣ፣ እኔ ደግሞ «አንድ ቃል አመለጠኝ» ብዬ ከኋላ ብደርስ አልኩ። ኢስሜ ግን የራሷ ፍርሃት ነበረባት፤ በመንገድ ስታገኘኝ ስለ ዝናቡ ታወራኝ ጀመር። እሁድ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ የኬዛያ እናት አንገቷን ደፍታ ከኋላ ወንበር ተቀመጠች። እሷን ስመለከት የዚያን ዓመት ልመናዋ ትዝ አለኝ፤ ልጅ ናት፣ አምልጧት ነው። እኔ ሃምሳ አራት ዓመቴ ነው። አምልጦኝም አልነበረም።

ረቡዕ ኬዛያ ከውጭ አገር የመጣ ካርቶን ልትቀበል ፖስታ ቤት መጣች። ፈርሚ ብዬ ደብተሩን ሰጠኋት። ፈረመች። ካርቶኑን ብብቷ ሥር ካደረገች በኋላ መሄዱን ተወችው።

«ካፕቴን።»

«አቤት።»

«በዚህኛው ስንት ዓመት ነው? ሁለተኛ ጊዜ ሲሆን ሁለት ዓመት ነው ወይስ ለዘለዓለም? እናቴ ጠይቂ ብላኝ ነው።»

በቁጣ ቢሆን ይሻለኝ ነበር። የደብዳቤ መላኪያ ዋጋ እንደሚጠይቅ ሰው ነበር የጠየቀችኝ።

«ኬዛያ፣ አንቺ...» አልኩ። ከኋላዋ ሁለት ሰዎች ተሰልፈው ነበር። ዓይኔ ወደ እነሱ ሄደ። «ቅዳሜ ነይ» አልኳት። «ሸንጎው ላይ ነይ።»

«እሺ» አለች፤ ፍርዷን ለመስማት የተጠራች መስሏት።

ቅዳሜ ከሁሉም ቀድሜ ደርሼ ወረቀቱን ብቻዬን ዘረጋሁ። ሌሊቱን ብዙ ቃል አዘጋጅቼ ነበር፤ ኢስሜ ምን እንዳለችኝ፣ እንዴት ድንገት እንደሆነ፣ የልጅቷን ጉዳይ ለማስረዳት ፈልጌ እንደሆነ። ዶኔትና አኒካ ገቡ። ኬዛያ ደጅ ልትቀር ስትል ጠራኋትና ገብታ በሩ አጠገብ ቆመች። ዛጎሉን አነሣሁ። በአሥራ ዘጠኝ ዓመት ውስጥ እንደዚያ ከብዶኝ አያውቅም።

«የሉዜትን ነገር ያወጣሁት እኔ ነኝ» አልኩ። «ማክሰኞ ዕለት ለሚስ ኢስሜ ነገርኳት።»



«ለምን?» አለች ዶኔት። ዛጎል አልያዘችም፤ ማንም አላስታወሳትም።

ያዘጋጀሁት ሁሉ አፌ ላይ ነበር። ሲታየኝ ግን ሁሉም ክርክር ነው። «ልጅ የለሽም አለችኝ» አልኩ። «ተናደድኩ።»

«ለዚህ ብለው?» አለች አኒካ በቀስታ። ልታቆስለኝ ብላ አልነበረም፤ በእውነት ልትረዳው ፈልጋ ነው። እኔም ያን ጊዜ የነገሩን ልክ አየሁት። ለዚህ ብዬ ነበር።

ኬዛያ ከበሩ አጠገብ ተናገረች። «እናቴ ሳምንቱን ሙሉ አላመነችኝም።»

«አውቃለሁ።»

«ባለፈው ቅዳሜ ደረጃው ላይ ሆኜ በመስኮት አይተውኛል።»

«አይቼሻለሁ።»

«እያወቁ?»

«እያወቅኩ።»

«ረቡዕም?»

«ረቡዕም።»

ራሷን ነቀነቀች፤ አንድ ሒሳብ እንደገባት ሰው። አላለቀሰችም። ያለቀሰችው ዶኔት ነበረች፤ ባለፈው ቅዳሜ የተናገረችው ትዝ ብሏት፣ ፊቷን በክንዷ ሸፍና። ኬዛያ ሄዳ አጠገቧ ተቀመጠች። ግንቦት ሣጥን ላይ ባጇ ከሳምንት በፊት የነበረበትን ቦታ ሳየው፣ ባጁን ከኪሴ አውጥቼ ፊቷ አስቀመጥኩ። አላነሣችውም፤ አልገፋችውምም።

«ሕጉስ?» አለች ዶኔት ፊቷን እየጠረገች። ዶኔት ናትና ሕጉን መርሳት አትችልም።

«ሕጉ ያው ነው» አልኩ። «አንድ ዓመት። የሰልፍ እርምጃውንና የገመድ ቋጠሮውን ሁላችሁንም አሠራለሁ፤ ሸንጎው ውስጥ ግን አልቀመጥም። ዕቅዱን እናንተ ትጨርሱታላችሁ።»

ልነሣ ስል ኬዛያ፣ «ገና ነው» አለች። «ሉዜት እኔ ነኝ ብላ ነው የምታስበው። እሷ ትስማ። ከእርስዎ አፍ። አሁን።»

ከአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ትእዛዝ ተቀብዬ ጫማዬን አጠለቅኩ።

የማሊን ቤት ከቤተ ክርስቲያኑ በላይ፣ ዳገቱ ጫፍ ላይ ነው። ሉዜት ግቢው ውስጥ ነበረች። በትልቅ ቆርቆሮ ላይ ፀሐይ እንዲመታው የተሰጣውን ካካዎ በባዶ እግሯ እያገላበጠች ነበር፤ እኛ ዘንድ እንደሚደረገው፣ እግርን ሳያነሡ እየጎተቱ፣ ከዳር እስከ ዳር መስመር እያወጡ። ስታየኝ አልቆመችም። ማሊን በመስኮት ብቅ ብላ አየችንና ገባች።

ነገርኳት። ሁሉንም፣ ለልጆቹ እንደነገርኳቸው በአጭሩ፤ ኬዛያን እንዴት ዝም ብዬ እንዳየሁም ጨምሬ። ስናገር እግሯ አላቋረጠም። ፍሬው ከሥሯ እየተንኳኳ ይንሸራተታል። ዳር ስትደርስ ትዞራለች፤ ጀርባዋን ትሰጠኛለች፤ እኔም ለጀርባዋ እናገራለሁ።

«ኬዛያ አይደለችም?» አለች መጨረሻ ላይ።

«አይደለችም።»

አሁን ቆመች። «ሐሙስ መንገድ ላይ 'ሉዜት' ብላ ጠራችኝ። ምን እንዳልኳት ያውቃሉ?»

«አላውቅም።»

«አልነግርዎትም።»

እውነቷን ነው። ለእኔ ምን ይነገራል?

«ይቅር በይኝ» አልኳት። «ዛሬ መልሺልኝ አልልም።»

እግሯ ጣቶች መካከል የገባ አንድ ፍሬ ጎንበስ ብላ አወጣች፤ አየችው፤ ወደ ሌሎቹ ጣለችው።

«ሸንጎው ውስጥ አሁን ማን አለ?»

«ዶኔት፣ አኒካና ኬዛያ። የአንቺ ቦታ ክፍት ነው። ምድብሽ ሌላ አልመረጠም።»

«እርስዎስ?»

«እኔ ወጥቻለሁ። አንድ ዓመት።»

«ሙሉ ዓመት?»

«ሙሉ ዓመት።»

የጀመረችውን መስመር እስከ ዳር ጎትታ ጨረሰች። ዞረች። «እንግዲያው እመጣለሁ» አለች።

በቀጣዩ ቅዳሜ ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ። ደረጃው መንገዱን ፊት ለፊት ያያል፤ ወደ ገበያ የሚሄድ ሰው ሁሉ በዚያ ያልፋል። ኬዛያ ያን ሙሉ ዓመት እንዴት እንደቻለችው ያወቅኩት በመጀመሪያው ሩብ ሰዓት ነው። የኬዛያ እናት ዓሣ ይዛ አለፈች፤ ቆም አለች፤ «ደህና አደሩ ሚስ ቨርሊን» አለችኝ በጨዋነት፤ አንድ ቃል ሳትጨምር ሄደች። ሚስተር ፌሊክስ ከሱቁ በር ላይ ሆኖ፣ «ካፕቴን! ተቀጥተው ነው እንዴ?» ብሎ ሳቀ።

«አዎ» አልኩት።

ሳቁ ቆመ። ወደ ሱቁ ገባ።

ልጆቹ አንድ በአንድ መጡ። ዶኔት ጫማዋን አውልቃ ሁለቱን እኩል አሰለፈች። አኒካ የእሷን ወርውራ አለፈች፤ ከዚያ ተመልሳ አስተካከለችው። ኬዛያ የራሷን ስታስቀምጥ እኔን ሳይሆን ደረጃውን አየች፤ እዚያ ለብዙ ቀን የተቀመጠችበትን ቦታ። ባጇ ኪሷ ላይ ነበር።

ሉዜት የመጣችው መጨረሻ ነው። ሰማያዊ ሻርፗን አንገቷ ላይ አስራለች። አጠገቤ ቆማ ጫማዋን አወለቀች፤ የካካዎ አቧራ ነበረበት። በሰልፉ ጫፍ፣ ከኬዛያ ጫማ ቀጥሎ አስቀመጠችው። ቀና ብላ አላየችኝም። ገባች፤ በሩ ተዘጋ።

ትንሽ ቆይቶ ድንጋዮቹ ወለሉ ላይ ሲቀመጡ ሰማሁ፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት። ከዚያ አኒካ፣ «አቀብይኛ!» ስትል፤ ከዚያ ሳቅ፤ የሉዜት ሳቅ ውስጡ ይኑር አይኑር መለየት አቃተኝ። ከዚያ ድምፃቸው ዝቅ አለ፤ አንዲት ልጅ ብቻዋን በቀስታ ትናገር ጀመር።

ተነሣሁና ጫማዎቹን ተሸክሜ፣ ሰልፋቸውን ሳላበላሽ፣ ወደማይሰማኝ ወደ ታችኛው ደረጃ ወረድኩ።